የደንቆሮ ሰፈር ሰዎች

የቦንጋ ባጃጅ ሾፌሮች እስከ ዛሬ «ደንቆሮ ሰፈር! አንድ ሰው! ደንቆሮ ሰፈር!» እያሉ ይጣራሉ። ማዘጋጃ ቤቱ አዲስ ስም ካወጣለት ቆይቷል፤ ታፔላም ተተክሏል፤ ታፔላው ግን ለፍየል መታከኪያ ከመሆን ያለፈ ጥቅም አልሰጠም። እኔ አስተማሪ ነኝ። ተማሪዎቼ ሲጣሉ አንዱ ሌላውን «ሂድ ወዲያ፣ የደንቆሮ ሰፈር ልጅ!» ሲለው እሰማለሁ። ስድብ መሆኑን እንጂ ከየት እንደመጣ አያውቁም። ጎረቤቱ ሲዘረፍ መስኮቱን የሚዘጋ፣ ሰው ወድቆ እያየ የሚያልፍ ሰው ካለ «ምነው፣ ደንቆሮ ሰፈር ነው እንዴ የተወለድከው?» ይባላል። እኔ የተወለድኩት እዚያ ነው። በእኔ ልጅነት ደግሞ ስሙ ስድብ ሳይሆን ማዕረግ ነበር።

ሰፈሩ ወደ ሺሺንዳ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። እኔ ሳልወለድ እዚያ የእንጨት መሰንጠቂያ ፋብሪካ ነበር። ዋንዛው፣ ቀረሮው፣ ዝግባው ከጫካ እየተጫነ ይመጣና ትልቁ መጋዝ ላይ ይወጣል። መጋዙ ሲጮህ አጠገቡ የቆመ ሰው የራሱን ሳል አይሰማም ነበር አሉ። የጆሮ መሸፈኛ የሚያድል አልነበረም፤ ጥጥ የወተፈ ቢገኝ እንኳ «ሙሽሪት» እየተባለ ይሳቅበት ነበር። እንዲህ እያለ ሠራተኛው ሁሉ ጆሮውን ለመጋዙ ገበረ። ግማሹ ግማሽ ጆሮ ተረፈው፤ እንደ አባቴ እንደ ገብረሚካኤል ያለው ደግሞ ጨርሶ አጣው። ከተማው «ደንቆሮ ሰፈር» ብሎ ሰየመን፤ እኛም ስሙን ወደድነው። ጆሮውን ያልሰጠ ወንድ በእኛ ሰፈር ሠራተኛ አይባልም ነበር።

ከተማው ይቀልድብን ነበር። «ለደንቆሮ ሰፈር ሰው ምስጢር ከምትነግር ገበያ መሀል ቆመህ ተናገር» ይላሉ፤ ሹክ ያልከውን ጮኾ ነው የሚመልስልህ። አንዱ የሰፈራችን ሰው ንስሐ ሊገባ ሄዶ ኃጢአቱን ለቅዳሴ የመጣው ሕዝብ ሁሉ ሰማው፤ ከዚያ ወዲህ ቄሱ የእኛን ሰዎች ንስሐ የሚቀበሉት ሜዳ ወጥተው ነው ይባል ነበር። ይህንን ከማንም በላይ የምናወራውና በሳቅ የምንፈርሰው እኛው ነበርን።

ጆሮ ሲሄድ እጅ ተተካ። ሠራተኞቹ መጋዙ አጠገብ ሳሉ የሚነጋገሩት በእጅ ነበር፤ ፋብሪካው ከተዘጋ በኋላም ያ የእጅ ንግግር ቤት ድረስ ተከትሏቸው መጣ። ሚስቶች ተማሩት፤ እኛ ልጆች ከጡት ጋር ጠባነው። ውሃ፣ እሳት፣ ና፣ ቀስ በል፣ ሁሉም ምልክት አለው። ሁለት ክንድ ከራስ በላይ ተጠላልፎ ከታየ «መጋዙን አቁሙ፣ ሰው ተይዟል» ማለት ነው። እሱን ጨዋታ አድርገነው ነበር። አንዱ መጋዝ ይሆንና እያገሳ ያባርረናል፤ ክንዳችንን አጠላልፈን ካነሳን ባለበት መቆም አለበት። የምንጫወተው ሰጋቱራ ሜዳ ላይ ነው፤ የመጋዙ ብናኝ ለዓመታት ተከምሮ ሣር የበቀለበት፣ ሲረግጡት እንደ ፍራሽ የሚሰምጥ ሜዳ። ከሜዳው ጥግ መጋዙ ተተክሎበት የነበረው የሲሚንቶ ጉድጓድ አለ። ማሽኑን ነቅለው ወስደውታል፤ ጉድጓዱ ዝናብ እየሞላው ጥቁር ውሃ ያቁራል። ወደዚያ የተጠጋ ልጅ ይገረፋል።

የምንኖረው ፋብሪካው ለሠራተኞቹ በሠራው ረጅም የጣውላ ቤት ውስጥ ነበር። አንዱን ቤት ከሌላው የሚለየው አንድ ረድፍ ጣውላ ብቻ ነው። ከግድግዳው ማዶ ጋሽ ገሠሠና ሚስቱ እትዬ አልጣሽ ይኖራሉ። ጋሽ ገሠሠ በፋብሪካው ዘመን የግንድ መኪና ሾፌር የነበረ፣ በኋላም የእድራችን ዳኛ ሆኖ ሰው ሁሉ ከመቀመጫው የሚነሳለት ሰው ነው። በልጅነቴ አንቱ ነበር የምላቸው፤ ዛሬ ግን አንቱታው ከአፌ አይወጣም። ለእኛ ለልጆቹ ሸንኮራ እየቆረጠ ያድለን ነበር። ትከሻው ላይ አውጥቶኝ ሜዳውን ሲዞር ከዓለም ሁሉ ረጅም የሆንኩ ይመስለኝ ነበር። እወደው ነበር፤ መዋሸት አልችልም።

እትዬ አልጣሽን ዋጫ ከምትባል ከተማ ነበር ያገባት። እትዬ ልበላት እንጂ ገና ልጅ ነበረች። ፀጉሬን የምትሠራኝ እሷ ናት፤ እናቴ አበዛሽ እጇ ይከብዳል፣ የእሷ ጣት ግን ራስ ላይ መውረዱ አይታወቅም። ስትሠራኝ በአፍንጫዋ ታንጎራጉራለች፤ ጋሽ ገሠሠ ከደጅ ሲያስል ማንጎራጎሯን ታቆማለች። ባሏን በጣም ስለምታከብረው ይመስለኝ ነበር።

ማምሻውን ከግድግዳው ማዶ የእትዬ አልጣሽ ጩኸት ይሰማል። እኔን አይገርመኝም። እናቴም ለአባቴ ትጮኽ ነበር፤ እንደማይሰማት እያወቀች፣ እጇን እያወዛወዘች፣ ልማድ ሆኖባት ትጮኻለች። በየቤቱ ሚስት ትጮኻለች። ባሏ ደንቆሮ የሆነባት ሴት ከመጮህ ሌላ ምን ታደርጋለች? ዕቃ ሲወድቅም እሰማለሁ። እናቴ ያኔ ሬዲዮኑን ከፍ ታደርገዋለች። አባቴ የማይሰማውን ሬዲዮ ለማን ብላ ከፍ እንደምታደርገው አልጠየቅኳትም።

ገሠሠ ግን ደንቆሮ አልነበረም። አንድም ቀን መጋዙ አጠገብ ቆሞ አያውቅም፤ ሥራው መሪ ላይ ነበር። ይህን እኔ ያወቅኩት ካደግኩ በኋላ ነው። ሰፈሩ ያኔም ያውቅ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከአባቴ ጋር ደጃፍ ተቀምጠናል። ፋብሪካው ከተዘጋ ወዲህ አባቴ ግንድ እየቦረቦረ የንብ ቀፎ ይሠራል፤ የማንኪራ ሰዎች ይገዙታል። እሱ በመሮው ይፍቃል፣ እኔ ፍቅፋቂውን እሰበስባለሁ። እትዬ አልጣሽ ከቤቷ ወጣች። አንድ እግሯ ባዶ ነው፤ ሻሿ ወድቋል፤ ከንፈሯ ቀልቷል። ወደ እኛ ዞረችና ሁለት ክንዷን ከራሷ በላይ አጠላልፋ አነሳች።

እንዴት ደስ እንዳለኝ! ትልቅ ሰው ጨዋታችንን ሲጫወት አይቼ አላውቅም ነበር። እንደ ደንቡ ባለሁበት ደርቄ ቀረሁ፤ ሳቄ ግን አመለጠኝ። አባቴ መሮውን ወርውሮ ሮጠ። ሲሮጥ ያየሁት የዚያን ቀን ብቻ ነው። እሷን ገፍቶ አሳለፈና በሩ ላይ ተገተረ፤ ጋሽ ገሠሠ ከውስጥ መጥቶ ፊት ለፊቱ ቆመ። ጎረቤት ሁሉ ከየበሩ ብቅ ብሎ ያያል። እትዬ አልጣሽ የእናቴን ነጠላ ለብሳ መንገድ ወጣች፤ ያለፈው አውቶቡስ ጭኗት ሄደ። የት ሄደች ስል «ዘመድ ጥየቃ» አለችኝ እናቴ።

ሳይቆይ ሽማግሌዎች ዋጫ ወርደው ይዘዋት ተመለሱ። የዚያን ዕለት በግ ታረደ፤ ጠጅ ተቀዳ፤ ከቤቱ ጣራ ስር አግዳሚ ተደረደረ። ሠርግ መሰለኝ። እትዬ አልጣሽ አንገቷን ደፍታ ስትቀመጥ ሙሽራ አንገቷን ትደፋ የለ ብዬ ደስ አለኝ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጋሽ ሰብሃት በሰፈራችን ደንብ እየጮኹ ፈረዱ።

«የባልና ሚስት ነገር የጎረቤት እንጀራ አይደለም፣ ማንም አይቆርሰው! አንተም እጅህን ሰብስብ፤ አንቺም አፍሽን ሰብስቢ! አበቃ!»

ጋሽ ገሠሠ ከሥጋው ትሪ አጠገብ ስለነበር «እጅህን ሰብስብ» የተባለው ከሁሉ ቀድሞ ስላነሳ መሰለኝ። ተነስቶ የሽማግሌዎቹን ጉልበት ሳመ። ሁሉም «አሜን» ሲል አባቴ የሰውን አፍ አየ፤ ምን እንደተባለ ገባው። የያዘውን ጠጅ መሬት አስቀምጦ ወጣ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየው፤ እኔ በአባቴ አፈርኩ። ደስ የሚል ነገር ላይ የሚኮራ ሰው አይወደድም ብዬ።

እኔ ኩላሊት ተጠብሶልኝ እየበላሁ ሳለ እትዬ አልጣሽ እናቴን ወደ ጓዳ ሳብ አደረገቻት። እጇን ያዘቻት።

«አበዛሽ፣ ያንቺ አደራ ነኝ። ግድግዳችን አንድ ነው» አለቻት።

«አይዞሽ፣ አለሁልሽ» አለች እናቴ።

እናቴ ክፉ ሰው አልነበረችም። ይህን የምለው ልጇ ስለሆንኩ አይደለም። ለተጨነቀ ሰው ያላትን የምታካፍል ሴት ነበረች። ግን ዘመድ የላትም፤ ባሏ ጆሮ የለውም፤ እድሩ ደግሞ በገሠሠ እጅ ነው። ከእድር የወጣ ሰው ሲሞት ማን ይቀብረዋል? በእኛ አገር ሰው ከሞት ይልቅ ብቻውን መቀበርን ይፈራል። እናቴ ፈራች።

ክረምቱ ገባ። ፀጉሬ እንደገና በእትዬ አልጣሽ ጣቶች ይሠራ ጀመር፤ ማንጎራጎሯን ግን ተወችው። አንድ ቀን አባቴ ቀፎ ተሸክሞ ማንኪራ ሄዶ ነበር። ዝናቡ አባርቶ ገና ሳይመሽ ጩኸቱ ተጀመረ። ከሌላው ጊዜ ረዘመ። እናቴ ሬዲዮኑን ከፈተች፤ ባትሪው ደክሞ ድምፁ አልወጣ አለ። ባትሪዎቹን አውጥታ በጥርሷ ነከሰቻቸው፣ መለሰቻቸው፣ እንደገና አወጣቻቸው። ባትሪ አለቀብኝ ብላ የምትናደድ መስሎኝ «ነገ አባዬ ይገዛል» አልኳት። ከዚያ ጩኸቱ ቆመ። እናቴ ባትሪዎቹን ጭኗ ላይ ይዛ ተቀምጣ ቀረች።

አባቴ ርሶ ገባ። ቆሞ በእጁ ጠየቃት። «ገሠሠ ሚስቱን እየደገፈ በሜዳው ሲሄድ ከቁልቁለቱ ላይ አየሁ፤ ኋላ መንገድ ላይ ብቻውን አገኘሁት። ታማለች እንዴ?»

እናቴ «አላውቅም» አለችው በእጇ።

በነጋታው እትዬ አልጣሽን ከመጋዙ ጉድጓድ አወጧት። ጋሽ ገሠሠ ራሱን እየደበደበ አለቀሰ። ማገዶ ልትለቅም ወጥታ ነው፣ አዳልጧት ነው፣ ስትዘገይብኝ ጎረቤት ያለች መስሎኝ ነው አለ። ሽማግሌዎቹ ደግፈው አስቀመጡት። እኔ ያለቀስኩት ለእሱ ነው። ሚስት የሞተበት ሰው እንዴት ያሳዝናል ብዬ፣ አጠገቡ ሄጄ ጉልበቱን አቀፍኩት።

እህቷ ትርንጎ ከዋጫ ለቀብር መጣች። ድንኳን ውስጥ አልገባም አለች። ከተማውም ሰፈሩም በተሰበሰበበት ደጃፍ ቆማ ነጠላዋን አሸርጣ እንዲህ ብላ ሙሾ አወረደች፤

መጋዝ የበላውን ጆሮ ማን ይወቅሰዋል፤
እየሰማ ዝም ያለውን እግዜር ይፋረደዋል።

ተቀብሎ የሚያለቅስ ጠፋ። ሴቶቹ ፊታቸውን በነጠላ ሸፈኑ። ትርንጎ ደገመችው፤ ሠለሰችው። እኔ ተናደድኩባት። እንግዳ ሴት መጥታ የአባቶቻችንን ስም ትሰድባለች አልኩ። የከተማው ሰው ግን ግጥሙን ይዞት ሄደ፤ በሚቀጥለው ገበያ በርበሬ ሻጮቹ እርስ በርሳቸው ሲሉት ነበር። ስማችን የተገለበጠው የዚያን ጊዜ ነው። ያው ቃል ነው፣ ያው ሰፈር ነው፤ ከዚያ ወዲያ ግን ሲጠሩን የሚስቅ አልነበረም።

ትርንጎ አቤት ብላ አንድ መርማሪ ወደ ሰፈራችን መጣ። ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣ፣ ጫማው በጭቃችን የተማረረ ወጣት ነበር። ከቤት ቤት እየዞረ ምን እንደሰሙ ጠየቀ። ሁሉም ቤት አንድ መልስ ሰጠው።

«ጌታዬ፣ እኛ እኮ ደንቆሮ ሰፈር ነን። ምን ልንሰማ?»

ወንዶቹስ እሺ። ሴቶቹም፣ መጋዝ ሲዞር አይተው የማያውቁት ሴቶችም እንደዚያው አሉ። እኛ ቤት ሲደርስ እናቴ መዳፏን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ወደ እሱ ዘመም አለች።

«እህ? ምን አልከኝ ልጄ? ጮኽ በል እስቲ!»

ፍርፍር ብዬ ሳቅኩ። እናቴ ዶሮ ጓሮ ገብታ ጤፍ ስትለቅም ከመኝታዋ ሆና የምትሰማ ሴት ናት! መርማሪውን የምትቀልድበት መሰለኝ። እሷ ግን ከነጠላዋ ስር ቆነጠጠችኝ፤ ቁንጥጫው ጠቁሮ ሰነበተ። መርማሪው ጮኾ ደገመላት። እናቴ ራሷን ነቀነቀች፤ «አልሰማሁም» አለች።

አባቴ ያኔ እቤት አልነበረም። ሲመለስ መርማሪ መምጣቱን ከእኔ እጅ አወቀ። በማግስቱ የእሁድ ኮቱን ለበሰ፣ እጄን ይዞ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ወሰደኝ። እናቴ በር ላይ ቆማ በእጇም በአፏም ለመነችው። «ተው! ልጅ አለችህ! እድር አለብህ! ተው!» እሱ ዞር ብሎ አላያትም። ትርንጎ ጣቢያው በር ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ስታየን ብድግ አለች።

እኔ የተወሰድኩት ጆሮ እንድሆነው ነው። መርማሪው ሲጠይቅ ለአባቴ በእጄ እነግረዋለሁ። አባቴ መልሱን በእጁ የሚሰጠኝና እኔ የማስተረጉም መስሎኝ ነበር። አባቴ ግን አፉን ከፍቶ ተናገረ። ድምፁን ራሱ ስለማይሰማው ሰው እንዳይስቅበት መናገር ከተወ ቆይቶ ነበር፤ እኔ የአባቴን ድምፅ ከቤት ውጭ ሰምቼው አላውቅም። ወፍራም፣ ከፍ ዝቅ የሚል፣ ግማሹ አማርኛ ግማሹ ካፊኖኖ የሆነ ድምፅ ነበር። ጣቢያው ሁሉ ዞሮ አየን። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ወደድኩ።

«የሰማኸው ነገር አለ ወይ በይው» አለኝ መርማሪው።

ነገርኩት።

«አልሰማሁም!» ብሎ ጮኸ አባቴ። «አየሁ! ሲያስኬዳት አይደለም፣ ሲጎትታት ነው። እግሯ መሬት ለመሬት ይጎተት ነበር። የታመመች መስሎኝ! ወደ ጉድጓዱ ወሰዳት። ብቻውን ተመለሰ። መንገድ ላይ አገኘኝ፤ እጅ ነሣኝ!»

«ሌላ ያየ ሰው አለ?»

«ሌላው ጆሮ አለው! ሌላውን ጠይቅ!»

መርማሪው እስክሪብቶውን አስቀምጦ ፊቱን አሸት አሸት አደረገ። መጥፎ ሰው አልነበረም ይመስለኛል። ከበስተኋላችን ግን ጋሽ ሰብሃትና ሁለት ሽማግሌዎች ገብተው ቆመው ነበር። «ልጄ፣ ይኸ ሰው መጋዙ ጆሮውን ብቻ አይደለም የወሰደበት» አሉት ጋሽ ሰብሃት፣ በጣታቸው ግንባራቸውን እየነኩ። አባቴ ጣታቸውን አየ። ይህን ምልክት ማንም ሊተረጉምለት አላስፈለገውም።

በኋላ እንደሰማሁት አንድ ደንቆሮ አየሁ ይላል፣ ሰፈር ሙሉ ሰው አልሰማንም ይላል ተብሎ ነገሩ እዚያው ቀረ። እኛን ከእድር አስወጡን። ገሠሠ ዳኛ እንደሆነ አረጀ፤ ሲሞትም ድንኳን ሞልቶ ተቀበረ።

ከጣቢያው ስንመለስ አባቴ እጄን አልያዘም። ፊት ፊት ይሄዳል፤ እኔ ጭቃውን እየዘለልኩ እከተለዋለሁ። ጋሽ ገሠሠን ስለሰደበብኝ አኩርፌው ነበር። ድልድዩ ላይ ስንደርስ ቆመ። ወደ እኔ ዞሮ ጎንበስ አለ።

«አንቺ ጆሮ አለሽ» አለኝ በእጁ። «አልጣሽ ስትጮኽ ሰምተሽ ታውቂያለሽ?»

«አዎ» አልኩት። ምን ያስጠይቃል?

«ምን ትል ነበር?»

ለዚህ የእጅ ምልክት አላውቅለትም ነበር። ስለዚህ ከንፈሬን እንዲያይ አገጬን ቀና አድርጌ ቀስ ብዬ አልኩለት። «የሰው ያለህ።»

አልገባውም። ደገምኩለት። «የ—ሰው—ያለህ። የሰው ያለህ፣ የሰው ያለህ ትል ነበር። ቤት ውስጥ ሰው ካለ ለማወቅ ነው።»

አባቴ የድልድዩን ብረት ያዘ። ከንፈሬን ማየቱን አላቆመም።

«መቼ?» አለ።

«ማታ ማታ። ሁልጊዜ።»

«በግድግዳው ይሰማል?»

«ከኛ ቤት የምትናገር ነው የሚመስለው።»

ቀጥሎ የጠየቀኝን እጁ ለማውጣት ብዙ ጊዜ ፈጀበት።

«እናትሽስ ትሰማ ነበር?»

«ሬዲዮ ትከፍታለች» አልኩት።

እቤት ስንደርስ እናቴ ራት አቅርባ ትጠብቀን ነበር። የአባቴን ፊት አየች፤ የእኔን አየች። የእጅ ማስታጠቢያውን አስቀምጣ እርጥብ እጇን በቀሚሷ ጠረገችና «ምን አሉህ?» ብላ በእጇ ጠየቀችው። አባቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ቀና ብሎ አያት። ጋቢውን አነሳ፣ ትከሻው ላይ ጣለው፣ ሁለት እጆቹን ከውስጡ ከተታቸው። ለሥራ ያወጣቸው ነበር፤ ለእኔም ያወጣቸው ነበር። ለእሷ ግን እስክትሞት ድረስ አንድም ቀን አላወጣቸውም።